ስንመለስ እነግርዎታለሁ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ የሐበሻ ሱቆች በሞሉበት ፌርፋክስ ላይ ሁለት ብሎክ ለመሄድ አርባ ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። መንገዱ ረዝሞ አይደለም፤ ሰላምታው ነው። ከትናንት ወዲያ የተገናኘኋት ሴት «ጠፋሽ!» ብላ ታቆመኛለች። ባለሱቁ በሩ ላይ ቆሞ የባለቤቴን ጤና፣ የመኪናችንን ፍሬን፣ የእናቴን የጉልበት ሕመም በየተራ ይጠይቀኛል። ቅመም ልገዛ ገብቼ ሎሚ ካነሳሁ ደግሞ የሴቶቹ ዓይን ከሎሚው ተነስቶ ሆዴ ላይ ያርፋል። ከተጋባን ስድስት ዓመት አልፎን ልጅ አልወለድንም። ይህን የማያውቅ ሐበሻ ከኦሊምፒክ መንገድ እስከ ፒኮ መንገድ አልነበረም። «ምሥራቹን የምታሰሚን መቼ ነው?» ይሉኛል። ሎሚው ለሰላጣ ነው ብል ማን ያምነኛል።

እኔ ደግሞ ቶሎ የምነድ ሰው ነኝ። እናቴ «ምጥሽ የያዘኝ በርበሬ ስቀነጥስ ነው» ትለኛለች። ንዴት መዋጥን የተማርኩት ዌስትውድ አካባቢ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የዋጥኩትን ግን ቤት ገብቼ ባለቤቴ ላይ አራግፈዋለሁ። እሱ ታጋሽ ነው። ካልቨር ሲቲ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር የመኪና ማቆሚያ ስለሚቆጣጠር፣ ሰው ሲጮህበት ዝም ብሎ ማዳመጥ ሥራው ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያናድዱኝ ታችኛው ቤት የሚኖሩት እትዬ ነበሩ። ጡረታ ወጥተዋል፤ መስኮታቸው ከደረጃችን ትይዩ ነው። ስወጣ መጋረጃቸው ይነቃነቃል፣ ስገባ መጋረጃቸው ይነቃነቃል። «ዛሬ ዘገየሽ ልጄ»፣ «የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ሲበራ አደረ፣ በሰላም ነው?»፣ «ምን ሠርተሽ ነው እንዲህ የሸተተው?» ይሉኛል። አንድ ቀን ቁልፍ ቤት ውስጥ ረስቼ ደጅ ከቀረሁ ወዲህ ደግሞ መለዋወጫ ቁልፋችን እሳቸው ጋ ነው። አዲስ ሶፋ የገዛን ቀን፣ ያመጡልን ሰዎች ገና ደረጃውን ሳይወርዱ ሦስት ሰው ደውሎ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎናል።

እና በዚያ ዓመት የአፓርታማችን ሊዝ፣ የኪራይ ውላችን፣ ሊያልቅ ሆነ። ማኔጀሩ ትንሽ ኪራይ ጨምሮበት አዲስ ወረቀት ሰጠን፤ እስከ ማክሰኞ መፈረም አለብን፣ ካልፈረምን ደግሞ መልቀቅ። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ለጠፍነውና ለሁለት ሳምንት እየዞርን እናየው ጀመር። የአክስቴ ልጅ ቴክሳስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ትኖራለች። «ነይ ወደዚህ» ትለኝ ነበር። «ሆስፒታሉ ሁልጊዜ ሰው ሃየር ያደርጋል። ቤቱ ርካሽ ነው። ደግሞ እዚህ ማንም ማንንም አያውቅም።» ያቺ የመጨረሻዋ ነገር ልቤን ወሰደችው። ባለቤቴ መሄድ አልፈለገም። አልፈልግም አላለም፤ ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር ግን ሳህን ማጠብ ይጀምራል።

«አንድ ነገር እናድርግ» አልኩት። «ማንም የማያውቀን ቦታ ሁለት ቀን እንዋል። ከወደድኩት ቴክሳስ እንሄዳለን፣ ካልወደድኩት እንፈርማለን።»

«የት ነው ማንም የማያውቀን?»

«ሜክሲኮ።»

ምክንያቴ ይህ ብቻ አልነበረም። ቁምሳጥኔ ውስጥ፣ ከብርድ ልብስ ሥር፣ አንድ ዓመት ሙሉ ያልለበስኩት ብጫ የዋና ልብስ ነበረኝ። የሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳርቻ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ግን አንድ ጊዜ እዚያ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ውሃው ዳር ብቆም፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሴቶች «ባሕሩ እንዴት ነበር?» ብለው ጠይቀውኛል። በዋና ልብስማ ቢያዩኝ ኖሮ ወሬው ከእኔ ቀድሞ አዲስ አበባ ይደርስ ነበር።

ለአውሮፕላን የሚሆን ገንዘብ አልነበረንም። ሮሳሪቶ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ከድንበሩ ማዶ ቅርብ እንደሆነች መጦሪያው ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ሜክሲኳውያን ነገሩኝ። መኪና ድንበሩ ላይ አቁሞ በእግር መሻገር፣ ከዚያ በጋራ ታክሲ መሄድ፣ ማደሪያ ከባሕሩ ራቅ ብሎ መፈለግ፣ ስንቅ መያዝ። እነሱ ያሉኝን ሁሉ አደረግን። ዓርብ ሲመሽ ዳቦ ጋገርኩ፣ ቆሎ ቆላሁ። ስልሱን ግን በጠዋት ይሻላል ብዬ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ አንድ ከረጢት ሙሉ ሽንኩርት ከተፍኩ። ስልኮቻችንንም አጥፍተን መሳቢያ ውስጥ ከተትናቸው። ማዶ ሆኖ ስልክ መጠቀም ሂሳቡ ናላ የሚያዞርበት ጊዜ ነበር፤ ደግሞም ስልክ ይዘን ከሄድን ፌርፋክስን ተሸክመነው ሄድን ማለት ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረጃውን በጣታችን እየረገጥን ወረድን። መንገድ ላይ እንዳይቆሽሽብኝ ጥቁር ሱሪና ጥቁር ሹራብ ለብሼ፣ ፀጉሬን በጥቁር ሻሽ አስሬያለሁ። ዓይኔ ከሽንኩርቱ የተነሣ ቀልቶ አብጧል። ባለቤቴ እንቅልፉን ስላልጠገበ አንገቱን ደፍቶ ቦርሳውን ይጎትታል። የእትዬ መጋረጃ ተነቃነቀ፤ ወዲያው በሩ ተከፈተ።

«ደኅና ናችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ።»

«በዚህ ጠዋት ወዴት ነው?»

ባለቤቴ መሬት መሬቱን እያየ «ወደ ሳንዲያጎ ነው» አለ። ውሸት አልነበረም፤ መንገዱ በሳንዲያጎ በኩል ነው።

«ምን ተገኘ?»

ሽርሽር ብላቸው እስከ ረፋድ ድረስ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። ሳልዋሽም ሳልናገርም ለማለፍ ብዬ፣ ሌላ ጎረቤት እንዳይሰማ ደግሞ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሰኞ ማታ ስንመለስ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

እትዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑ። ዓይኔን አዩ፤ ሻሼን አዩ። «እሺ ልጄ» አሉ። «እግዚአብሔር ያበርታችሁ።»

መኪና ውስጥ ገብተን በሩን ስንዘጋ ሳቄ መጣ። ለሁለት ቀን ሽርሽር ይህን ያህል ምርቃት ምን ይሉታል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ እኛ በሀይዌዩ እየከነፍን ስንስቅ ፌርፋክስ ላይ ስለ እኛ የሚወራው ሌላ ነበር።

ሮሳሪቶ ስንደርስ ገና ረፋድ ነው። ያረፍንባት ቤት ከባሕሩ አምስት መንገድ ወደ ኋላ ናት፤ አልጋና አንድ የሚያንኮሻኩሽ ማራገቢያ ያላት ክፍል። ባለቤቷ ሽርጥ የታጠቁ፣ እንደ እናቴ በአንድ ጉልበታቸው የሚያነክሱ ሴት ናቸው። እኔ የማውቀው ስፓኒሽ ከሥራ የለቀምኩት ብቻ ነው፦ «እንዴት አደሩ»፣ «ያምዎታል?»፣ «በልተዋል?»፣ «ወደ ጎን ዞር ይበሉ»። በዚሁ ተግባባን። ሴትዮዋ ቁልፉን ሰጡንና ሁለት እጃቸውን አቆላልፈው ሕፃን እንደሚያስተኙ ወዘወዙ። ልጆችስ? ማለታቸው ነው።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረና «ማንም የማያውቀን ቦታ» አለኝ።

እኔ ራሴን ነቀነቅሁ፤ የለንም። ሴትዮዋ እጃቸውን ወደ ላይ ወርወር አድርገው «ማኛና!» አሉ፤ ነገ። ነገ ይመጣል። ፌርፋክስ ቢሆን በንዴት እጨስ ነበር። እዚያ ግን እንደ ቀላል ነገር፣ እንደ ዘገየ አውቶቡስ ስላወሩት፣ ከአንጀቴ ሳቅኩ።

የዋና ልብሴን ለብሼ ከላይ ቀሚስ ደርቤ ወጣሁ። ባሕሩ ዳር ስደርስ እንደ ሌባ ግራ ቀኙን አየሁ። ከጓደኞቻቸው ጋር ቢራ የሚጠጡ ሰዎች፣ ጃንጥላ ሥር የሚያንኮራፋ ሽማግሌ፣ በቆሎ የምትሸጥ ሴት። አንድም ሐበሻ የለም። ቀሚሴን አወለቅሁና አሸዋው ላይ ጣልኩት። ማንም አላየኝም። ደስታው ይህ ነበር፤ ማንም አላየኝም! ሮጬ ገባሁ። ውሃው አጥንት የሚሰብር ብርድ ነበረው፣ ጮህኩ፣ ማዕበሉ ጭኔን ሲመታኝ ደግሜ ጮህኩ። ዋና አልችልም። ወገቤ ድረስ ገብቼ እንደ ዳክዬ እየተነከርኩ እወጣለሁ። ባለቤቴ ሱሪውን ሰብስቦ ዳር ላይ ቆሞ «ኧረ በቃሽ!» ይለኛል። በቃኝ የሚባል ነገር አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ተራው የእሱ ሆነ። አሸዋው ላይ ፈረስ የሚያከራዩ ሰዎች አሉ። ባለቤቴ ደብረ ዘይት ያደገ፣ ሰፈሩ የጋሪ ፈረሶች ማቆሚያ የነበረ ሰው ነው። ወደ አንዱ ቀይ ፈረስ ሄደ፣ አንገቱን መታ መታ አደረገለት፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየ፣ ጎንበስ ብሎ አንዱን እግሩን አነሣና ኮቴው ውስጥ ተሰንቅሮ የነበረች ጠጠር በጣቱ አወጣ። ባለፈረሱ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አየው። ከዚያ ልጓሙን ሰጠው፤ ዋጋውም በግማሽ ወረደ።

እኔ ያንን ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንዲት የመስታወት ክፍል ውስጥ ትኬት ሲሰጥ ነው የማውቀው። ያን ቀን በውሃው ጠርዝ ላይ ሲጋልብ አየሁት። ሸሚዙ ነፋስ ሞልቶት ተነፍቷል። እኔ ጋ ሲደርስ እንደ ባለጋሪ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ በአማርኛ ይጮሃል፣ ሰዉ ይስቃል። እጄ እስኪዝል አጨበጨብኩለት። እንዲህ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ ዕንባዬ መጣ። ሽንኩርት አልነበረም።

እሑድ ግን ነገር ተበላሸብኝ፤ ወይም ራሴ አበላሸሁት። ጠዋት የማደሪያችን ሴትዮ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ሰማሁ። ሥራዬ ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም። በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ዘይት አስመጣሁ፣ ጉልበታቸውን እያሸሁ «ያምዎታል? ያምዎታል?» እላለሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተነሥተው ሲራመዱ አማተቡ፣ ሄደው እኅታቸውን ጠሩ። እኅትየዋ ጎረቤቷን ይዛ መጣች። ምሳ ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ሦስት ሴቶች ጉልበታቸውን ገልጠው ተራ ይጠብቁ ነበር።

ምሳችንን ጥግ ላይ የዓሣ ታኮ፣ በበቆሎ ቂጣ የተጠቀለለ ዓሣ፣ ከምትሸጥ ሴት በላን። ስንቃችን ገና አላለቀም፤ ሽታው ነው የጎተተን። ከቦርሳዬ ሚጥሚጣ አውጥቼ ዓሣው ላይ ነሰነስኩ። ሴትዮዋ ምንድን ነው ብላ በጣቷ ቀመሰች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሳቀች፣ ባሏን ጠርታ አስቀመሰችው። ቆርቆሮዋን ሙሉ ሰጠኋት። እሷም በከፈልንባቸው በአራቱ ታኮዎች ላይ ሁለት ጨመረችልን። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ባለፍን ቁጥር ስሜን ስለማታውቅ «ኢትዮፒያ!» እያለች ትጣራለች። እኔም ቆሜ የልጇን ሳል እጠይቃለሁ። አራተኛ ጊዜ ስቆም ባለቤቴ ሰዓቱን አየ።

«ይቺን አንድ ብሎክ ለመሄድ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብሽ» አለኝ።

«ሶ?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

ተናደድኩ፤ እውነቱን ስለሆነ ነው የተናደድኩት። ለዚህም ይመስለኛል፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል አሸዋው ላይ ቁጭ ብለን «እሺ፣ ምን ወሰንሽ?» ሲለኝ እልህ የያዘኝ። የዋና ልብሴን አስታወስኩ፤ የሳንታ ሞኒካዎቹን ሁለት ሴቶች፣ ሎሚውን፣ መጋረጃውን አስታወስኩ።

«እንሄዳለን» አልኩት። «አንፈርምም። ቁልፋችንንም ከእትዬ እቀበላለሁ።»

«አንቺ ካልሽ ኦኬ» አለ። ተነሥቶ ወደ ውሃው ሄደና ንጹሕ እግሩን ለረጅም ጊዜ ይታጠብ ጀመር። እኔም ያሸነፍኩ መስሎኝ አሸዋውን እየጨበጥኩ እበትናለሁ። እንደ አሸናፊ ግን ደስ አላለኝም።

ሰኞ ስንመለስ ሴትዮዋ ጉንጬን ስመው አንድ ትልቅ የሣር ባርኔጣ ራሴ ላይ ደፉልኝ። ባለቤቴ ደግሞ ከገበያ ቀይና አረንጓዴ መስመር ያለው የሜክሲኮ ብርድ ልብስ በርካሽ ገዝቶ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል። ድንበሩ ላይ በእግረኛ ሰልፍ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆምን። ፀሐይ አፍንጫዬን ልጦት ነበር። መኪናችንን አግኝተን ሎስ አንጀለስ ስንገባ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ የግንቦት ፀሐይ ግን ገና አልጠለቀችም።

መንገዳችን ላይ ፓርክ ማድረጊያ ጠፋ። «ይኼው!» አልኩ። «አንዱ ልደት እያከበረ ነው። እነዚህ ሰዎች ሌላ ቦታ የላቸውም?» ሁለት ብሎክ ርቀን አቆምንና ቦርሳችንን እየጎተትን መጣን። ደረጃችን ሥር የታጠፉ ወንበሮች ተደግፈዋል። ደረጃው ላይ ደግሞ ጫማ ተደርድሯል። ወደ ላይ ስመለከት የቤታችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ገባሁ። ሃያ የሚሆን ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ምንጣፋችን ተጠቅልሎ ቆሟል፣ አዲሱ ሶፋችን ወደ ጥግ ተገፍቷል፣ ወጥ ቤቱ ላይ ድስት በድስት ላይ ተደርቧል። ባለሱቁ እንኳ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ በሩ አጠገብ ኮቱን ለብሶ ቁጭ ብሏል። ሁሉም ቀና ብሎ አየኝ።

ሐበሻ የሆነ ሰው የዚህን ትርጉም እንዲነግሩት አይጠብቅም። መርዶ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ዝም ብሎ። የእናቴ ጉልበት ታየኝ፤ ጉልበቷ ብቻ ሳይሆን እናቴ ታየችኝ፣ ሙሉዋ፣ በርበሬ የምትቀነጥሰው። እኔ ውሃ ውስጥ እየተነከርኩ ስስቅ እናቴ ሞታለች።

«እማዬ! እማዬን!» ብዬ ጮህኩ።

ያኔ ቤቱ በአንድ ድምፅ ተነሣ። «ወይኔ! እናቷ ናቸው! እናቷ ናቸው!» አሉ። እትዬ ደረታቸውን እየመቱ ወደ እኔ መጡ። ወደቅሁ፤ ግን መሬት አልደረስኩም። ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው እጆች በብብቴ ሥር፣ በወገቤ፣ በጀርባዬ ገብተው ያዙኝ። አንዷ ፀጉሬን ከፊቴ ታነሣልኛለች፤ ሌላዋ አንገቴን አቅፋ «አይዞሽ፣ አለን፣ አለን» ትለኛለች። ሎሚዬን ሲመዝኑ የነበሩት እነዚያው ሴቶች ናቸው። ከእኔ በላይ ያለቅሱ ነበር።

ባለቤቴ የሜክሲኮ ብርድ ልብሱን እንደለበሰ በሩ ላይ ደርቆ ቀርቷል። «መቼ አረፉ? ማን ነው የነገራችሁ?» አለ።

ለቅሶው ቀስ በቀስ ቀነሰ። አንዱ አንዱን አየ።

«እንዴት ማን ነገራችሁ ትላለህ?» አሉ እትዬ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «እናንተ አይደላችሁ እንዴ የምታውቁት? እኛማ ማን እንደሆነ እስክትነግሩን ነው የምንጠብቀው።»

«እኛ ምንም አናውቅም» አለ ባለቤቴ።

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አለ ባለሱቁ።

በዚህ መካከል ባለቤቴ የለቀቀው ቦርሳ ተገልብጦ፣ ከነውሃው የጠቀለልኩት ብጫ የዋና ልብስ ወለሉ መሃል ወድቆ ነበር። እትዬ ጎንበስ ብለው በሁለት ጣታቸው አነሡት። ሃያው ሰው አየው። ከዚያ የተላጠ አፍንጫዬን አዩ፤ ከዚያ ጀርባዬ ላይ በገመዱ የተንጠለጠለውን የሣር ባርኔጣ።

እኔ ግን ገና አላመንኩም። «ስልክ! ስልክ ስጡኝ!» እላለሁ። አንዷ ከመሳቢያው አምጥታ ሰጠችኝ፤ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ባለቤቴ ተቀብሎኝ ደወለልኝ። አዲስ አበባ ሊነጋ ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ።

«ሃሎ?» አለች እናቴ።

«እማዬ! አለሽ?»

«የት እሄዳለሁ? ኪዳን ልሄድ ነጠላዬን እየፈለግሁ ነው።» ከዚያ ከኋላዬ የሚንሰቀሰቁትን ሰማች። «ምንድን ነው የሚጮኸው? ማን ሞቶ ነው?» ብላ እሷም ማልቀስ ጀመረች።

«ማንም! ማንም አልሞተም፣ እማዬ!»

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። የጎን ጎረቤታችን ግድግዳውን በመጥረጊያ መታ። ሴቶቹ ተቃቅፈው ይስቃሉ፣ እየሳቁ ያለቅሳሉ። ነገሩን ስንገጣጥመው ተራ በተራ ወጣ። ጥቁር ሻሽ፣ የቀላ ዓይን፣ አንገቱን የደፋ ባል፣ በሹክሹክታ የተነገረ «ስንመለስ እነግርዎታለሁ»። እትዬ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ደውለውልናል፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሌሎቹን ቢጠይቁ ሁሉም «እኔ አልሰማሁም» አሏቸው፤ መርዶ የሚደብቅ ሰው ደግሞ ሌላ ምን ይላል? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩ ያለቀለት ሆኗል። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ለለቅሶ የመጣው ሽሮና ምስር ወጥ ተከፋፍሎ ተበላ። ስለ ፈረሱ ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ተረከ፤ በሦስተኛው ፈረሱ ነጭ ሆኖ ነበር። የዋና ልብሴ ወንበር ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ማንም ምንም አላለኝም። በሳምንቱ ይሉኝ እንደሆነ እንጃ። ያን ሰዓት ቢሉኝም ግድ አልነበረኝም።

ሰዉ ሲበተን እትዬ ቀሩ። ድስቶቹን አጥበው ሲጨርሱ ወደ ጠረጴዛው መጡና ከሽርጣቸው ኪስ ቁልፋችንን አውጥተው አስቀመጡት።

«ውሰጂው ልጄ» አሉ። አላዩኝም። «እኔ አበዛሁት። ዝም ማለት ነበረብኝ። ሰው ፊት አዋረድኩሽ።»

ቁልፉን አየሁት። ይህን ነበር የፈለግሁት፤ የምጠይቅበትን ቃል እንኳ መኪና ውስጥ ስለማመድ ነበር። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ መብራቴ፣ ስለ ወጤ፣ ስለ መግቢያ ሰዓቴ ጠይቀውኛል። ስለ ልጅ ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ካለው ሰው ሁሉ ያን አንድ ነገር ያልጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህን ያስተዋልኩት ያን ማታ በመሆኑ አፈርኩ።

«መጀመሪያ የያዙኝ እርስዎ ነዎት አይደል?» አልኳቸው። «ልወድቅ ስል።»

«ታዲያ ማን ይያዝሽ?» አሉ። ወንበሩ ላይ ያለውን የዋና ልብስ በዓይናቸው ጠቀስ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በዚያ በኩል… እውነት ማንም አያይም?»

«ማንም አያይም፣ እትዬ።»

«እኔም እኮ ባሕር ገብቼ አላውቅም። ብትነግሪኝ ኖሮ ቆሎውን እኔ እቆላ ነበር።»

ቁልፉን አንሥቼ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ መልሼ ከተትኩት፣ እንዳያወጡትም እጄን ላዩ ላይ ጫንኩ። ባለቤቴ አየን። ማቀዝቀዣው ጋ ሄዶ ወረቀቱን ከማግኔቱ ሥር አወጣና እስክሪብቶ ይፈልግ ጀመር።